ዝሆኔ፣ ጫማ እና “ጠንካራው ይተርፋል” የሚለው ወሬ

ሰሞኑን ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይመላለሳል። አንበሳ ሚዳቋ ያሳድዳል፣ ከኋላ ወፍራም የወንድ ድምፅ “ተፈጥሮ ለደካማ አታዝንም፤ ጠንካራው ይተርፋል፣ ደካማው ይጠፋል” ይላል፣ ከዚያ የሆነ የኦንላይን ሥልጠና ማስታወቂያ ይከተላል። እስከዚህ ድረስ ጉዳት የለውም። ሰው ጠዋት ተነስቶ ስፖርት እንዲሠራ ከሆነ አንበሳውም ይሩጥ። ኮመንቱን ስትከፍቱ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱ “ታዲያ አካል ጉዳተኛን መርዳት ተፈጥሮን መቃወም አይደለም ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። ሌላው “ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለው ልጅ አያድግም ነበር” ይላል። ሦስተኛው ሁለት የሳቅ ምልክት አስቀምጦ “ሳይንስ ነው፣ አትናደዱ” ብሎ ይዘጋዋል።

ሳይንስ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ የምጽፈው ደግሞ ዋጫ ሆኜ ነው፤ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው የጨና ወረዳ ከተማ። ለዚህ ክርክር የሚያስፈልጉት ምሳሌዎች ከሞላ ጎደል እዚሁ አካባቢያችን አሉ፦ ቡና፣ ቀይ አፈር፣ በትውልዳቸው ምክንያት የተገለሉ ሰዎች። ባዮሎጂ አላጠናሁም፣ የተመረቅኩት በኢኮኖሚክስ ነው። ግን ይህ ሐሳብ፣ ወደ ኋላ እንደምታዩት፣ ከባዮሎጂ ይልቅ ለኛ ሙያ ይዛመዳል። ዝግመተ ለውጥ ከሃይማኖታችሁ ጋር አልስማማ ብሏችሁ የማትቀበሉት አንባቢዎችም አትሂዱብኝ። የኔ ነገር፣ ትክክል ነው ብንል እንኳ “ደካማ ይጥፋ” የሚል ትእዛዝ ከውስጡ አይወጣም ነው። (ዓመተ ምሕረት ካልኩበት በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቃሉ እንጀምር። “ሰርቫይቫል ኦፍ ዘ ፊተስት” የሚለውን እኛ “የጠንካራው መትረፍ” ብለን ተርጉመነዋል፤ የችግሩ ግማሽ እዚህ ላይ ነው። ባዮሎጂ ውስጥ ቃሉ ጡንቻንም ጉልበትንም አያመለክትም። ካለበት አካባቢ ጋር የገጠመ፣ በዚያ ቦታና በዚያ ጊዜ ዘር የመተካት ዕድሉ የበለጠ ማለት ነው። ቁልፍ ለበሩ ልክ ነው እንደምንለው። በሩ ሲቀየር ያው ቁልፍ ብረት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ “ማን ይበልጣል?” ብሎ ጥያቄ የለም፤ “የት? መቼ?” የሚል ነው ያለው።

ይህን እንደ ቡና የሚያስረዳ አላገኘሁም። የካፋ ጫካ የአረቢካ ቡና መገኛ ነው፤ ዩኔስኮ በ2010 ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ የመዘገበውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ጫካው ውስጥ ገብታችሁ ብታዩ አንዱ ዛፍ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ቅጠሉ ሰፊ አለ፣ ጠባብ አለ፣ ቶሎ የሚደርስ አለ፣ የሚዘገይ አለ። ከአገራችን ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ቡና ግን ዘሩ በጣም ጠባብ ነው። በ1706 ከጃቫ ወደ አምስተርዳም የዕፅዋት ስፍራ የደረሰ ችግኝ አለ፤ ከእሱ ዘር ደግሞ በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ የተበረከተ አንድ ተክል አለ። ላቲን አሜሪካን ለረጅም ጊዜ የሸፈነው ቡና የሚመዘዘው ከእነዚህ ጥቂት እግሮች ነው። ጎበዝ ዘር ነበር፤ ያፈራል፣ ይሸጣል። ጠባብ ዘር የሚያስከፍለው ዋጋ የታየው ሴሎን ላይ ነው፣ የዛሬዋ ስሪላንካ። በ1869 የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ ገባና በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ የደሴቲቱን የቡና እርሻ ጠራርጎ አጠፋው። ሰዉም ወደ ሻይ ዞረ።

እኛ ጋ ደግሞ በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ገባ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ አጥቁሮ የሚያበላሸው ማለት ነው። የጅማ ተመራማሪዎች ያደረጉት ነገር ደቡብ ምዕራቡን እየዞሩ፣ በበሽታው መሀል ሳይነኩ የቆሙ ዛፎችን መፈለግ ነበር። ዛሬ ችግኝ ጣቢያ ስትሄዱ 74110፣ 74112 እየተባሉ የሚጠሩት ዝርያዎች ከዚያ ፍለጋ የመጡ ናቸው፤ የፊቱ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ 1974። በ1970 አንድ ሰው ጫካ ገብቶ “ምርጡ ዛፍ የቱ ነው?” ቢል ማንም ሊነግረው አይችልም ነበር። ጥያቄውን ያመጣው በሽታው ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል፤ ብዙ ጊዜ ቅን ሰዎች የሚስቱት እዚህ ነው። “አየህ፣ ልዩነት ይጠቅማል፤ አካል ጉዳተኛም አንድ ቀን ይጠቅመናል” የሚል መከራከሪያ አለ። አልወደውም። ሰው ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ያለ ዝርያ አይደለም። አንድ ልጅ ምሳ የሚበላው ለሚመጣው ወረርሽኝ መጠባበቂያ ስለሆነ አይደለም። እኔ ከቡናው የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ደካማ” እና “ጠንካራ” የሚባሉት ነገሮች ዛፉ ውስጥ ተጽፈው የተቀመጡ አይደሉም፣ በዛፉና ባለበት ሁኔታ መካከል ያሉ ናቸው።

ሰው ላይ ሲመጣ ደግሞ ሁኔታውን በአብዛኛው የምንሠራው ራሳችን ነን። የትነበርሽ ንጉሴን ታውቋት ይሆናል፤ በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘች የሕግ ባለሙያ ናት። አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆነች። በአካባቢው ሴት ልጅን ገና በልጅነቷ መዳር የተለመደ ነበር፤ እሷን ግን ማየት ስለማትችል ለትዳር የሚፈልጋት አልነበረም። ሻሸመኔ ወዳለ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተላከች። ዓይነ ስውርነቷ ያለዕድሜ ጋብቻን አስመልጦ የትምህርት ዕድል እንደሆነላት በየመድረኩ ተናግራለች። በዚያ ልማድ መሥፈርት “ብቁ” የነበሩት እኩዮቿ እኮ ናቸው፣ ማለትም በሕፃንነታቸው የተዳሩት።

“ድሮ ቢሆን አያድግም ነበር” ለሚለውም አንድ መልስ አለኝ። ኢራቅ ውስጥ ሻኒዳር በተባለ ዋሻ በ1957 የተገኘ የኒያንደርታል ሰው አጽም አለ፤ ዕድሜው በአሥር ሺህዎች ዓመታት የሚቆጠር። አንድ ክንዱ ሰልሏል፣ አንድ ዓይኑ ሳያይ አይቀርም፣ እግሩም ላይ ጉዳት አለ። ከጉዳቱ በኋላ ግን ብዙ ዓመት ኖሯል፤ አርባ ዓመት አካባቢ ሲሞት በዚያ ዘመን ሽማግሌ ማለት ነው። አንድ ሰው አብልቶታል፣ አንድ ሰው ጠብቆታል። ድሮ ቢሆንም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። “እሺ፣ በእርግጥ በዘር የሚተላለፍ የአካል ችግር ቢሆንስ?” የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ደግሞ እግራችን ሥር ነው።

ልጅ ሆኜ፣ ዋጫ ገበያ ላይ ከኮረሪማ ሻጮቹ ረድፍ መጨረሻ የሚቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አብጦ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሆኗል። ኮረሪማቸው ከሌላው የተለየ አልነበረም፤ ገዢው ግን ከአጠገባቸው ገዝቶ ያልፋል። እናቴን ስጠይቃት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “በዘራቸው አለ” አለችኝ። ሴት ልጅ ነበረቻቸው፣ እግሯ ጤነኛ፣ ቆንጆ። ለትዳር የጠየቃት ግን የለም ይባል ነበር።

በሽታው ዝሆኔ ነው፤ ከዝሆኔ ዓይነቶች ደግሞ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት። ትንኝ አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ ይገባል፤ ሰውነቱ ያንን ሲታገል በእግሩ ውስጥ ፈሳሽ የሚያመላልሰው የሊምፍ መስመር ይቆጣል፣ ይዘጋል፣ እግሩ ያብጣል። በሽታው የሚገኘው ከፍታው ከ1,000 ሜትር፣ ዓመታዊ ዝናቡ ደግሞ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ነው። የብዙዎቻችን አገር ማለት ነው። መንስኤው አፈሩ መሆኑን በማሳየት ስሙ የሚነሳው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በ2017 በወጣ ግምት በአገራችን በሽታው ያለባቸው አዋቂዎች 1.5 ሚሊዮን ያህል ናቸው።

እናቴ ስለ ዘር ያለችው ደግሞ ከመሬት ተነስታ አልነበረም። ወላይታ ላይ ተሠርቶ በ2007 የታተመ ጥናት፣ የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። በሰዎች መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነት 63 በመቶው ከውርስ ጋር የተያያዘ ነው ብሎም ገምቷል። በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ከተጋላጭነቱ ጋር የተያያዙትን ዘረ-መሎች ለይተው አሳተሙ፤ ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ ከሚያውቅባቸው መካከል ናቸው። ለዚህ ነው አንዱ በባዶ እግሩ አርጅቶ ምንም ሳይሆን ሌላው ገና በወጣትነቱ የሚያብጠው። በዘር አለ? አዎ፣ በከፊል አለ።

የኮመንት ሳይንቲስቶቻችን እዚህ ላይ ያቆማሉ። “በዘር ነው፣ አለቀ፤ አያግቡ፣ ዘሩ ይጥራ።” መንደሩም ለስንት ዘመን ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ታማሚውን ብቻ ሳይሆን ጤነኛ እህቱንና ወንድሙን ጭምር ከትዳር አስቀርቷል። የቀረውን ግማሽ ደግሞ ስሙ። ከልጅነቱ ጀምሮ ዘወትር ጫማ የሚያደርግ ሰው፣ ዘረ-መሉ ምንም ይሁን ምን፣ በሽታው አይዘውም ማለት ይቻላል። 63 በመቶ ውርስ፣ መከላከያው ጫማ! ፈረንሳይ፣ ስኮትላንድና አየርላንድ ውስጥ ይህ በሽታ ቀድሞ እንደነበረ ፕራይስ ጽፏል። ዛሬ የለም። ታማሚ እንዳይወልድ ከልክለው፣ ዘራቸውን አበጥረው አይደለም ያጠፉት። ጫማ አድርገው ነው። “ደካማ” የተባሉት ዘረ-መሎች ምናልባት እስከ ዛሬ እዚያው አሉ፤ ካልሲ ውስጥ ተቀምጠዋል።

“በዘር” የሚለው ቃል ጆሯችን ውስጥ “የማይቀየር” ሆኖ ነው የሚገባው። ቁጥሩ የሚናገረው ግን፣ ብዙ ሰው በባዶ እግሩ በሚሄድበት ቦታ አንዱን አሳብጦ ሌላውን የተወው ልዩነት ከየት እንደመጣ ብቻ ነው። ሁሉም ጫማ ባለው አገር ያው 63 በመቶ ትርጉም ያጣል፤ የሚለካ በሽታ የለማ። ማን ጫማ እንዳለው ደግሞ ዘረ-መል አይወስነውም። ያንን የሚወስነው ገቢ ነው። እሱም ቢሆን ቀላል አይምሰላችሁ። ጫማ ያለው ገበሬ እንኳ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ያደርገውና እርሻ ሲገባ ያወልቀዋል፤ ጭቃው ያጣብቀዋል፣ ያለችው አንድ ጫማ ደግሞ ቶሎ ታልቅበታለች። ክረምት ላይ የኛን አገር ጭቃ የረገጠ ሰው አይፈርድበትም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቀድሞ የሚባለው “እርግማን ነው፣ የአያቶቹ ኃጢአት ነው” ነበር። አሁን ስልክ የያዘው ልጅ “ጄኔቲክስ ነው፣ የተፈጥሮ ምርጫ ነው” ይላል። ቃሉ ዘመነ እንጂ የሚያደርሰው አንድ ቦታ ነው፦ የደረሰበት ነገር ከራሱ የመጣ ስለሆነ እኛን አይመለከተንም። ጫማ መግዛት የማንም ሥራ አይሆንም ማለት ነው።

ይህ አስተሳሰብ በሽታ ላይ ብቻ አይቆምም። ካፋ ውስጥ ተቀምጦ፣ ማንጆ ስለሚባሉት ወገኖቻችን ሳያነሱ ስለ “ደካማ” እና “ጠንካራ” ማውራት ማስመሰል ነው። ለብዙ ትውልድ ከሌላው ካፋ ጋር አብረው አይበሉም፣ አይጋቡም ነበር። ቤት አይገቡም፤ ምግብ ከተሰጣቸውም በኮባ ቅጠል ነው። የሚኖሩት በአደን፣ ኋላ ደግሞ ማገዶና ከሰል በመሸጥ ነው። ለምን ይገለላሉ ስትሉ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፤ “የዱር አውሬ ይበላሉ፣ ንጽሕና የላቸውም፣ ተፈጥሯቸው ነው።”

እስኪ ሒሳቡን እንሥራው። ጥሩ የእርሻ መሬት ያላገኘ ሰው ጫካ ይገባል። ጫካ የገባ ያድናል። ያደነው “አውሬ በላ” ይባልና ከማዕድ፣ ከደቦ፣ ከጋብቻ ይወጣል። ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ አጠገቡ የሚቀመጥ ያጣና ያቋርጣል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ሰው መጥቶ “አየህ፣ አልተለወጡም፣ ተፈጥሯቸው ነው” ይላል። ውጤትን እንደ ምክንያት መቁጠር ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ማርክ የሚያስቀንስ ነገር ነው፤ እዚህ ግን ሕግ ሆኖ ኖረ። ደግሞ ተረሳ እንጂ በካፋ ነገሥታት ዘመን የግዛቱን መግቢያ በሮች ይጠብቁ የነበሩት ማንጆዎች ናቸው። አገር ሲጠበቅ ብቁ፣ ማዕድ ሲቀርብ ግን አይደሉም። ዛሬ በትምህርትና በቤተ ክርስቲያን በኩል የተለወጠ ነገር አለ፤ ትዳር ላይ ስትደርሱ ግን አጥሩ አሁንም ቆሟል።

ወደ ሙያ ዘመዶቼ ልምጣ። ማልተስን ኢኮኖሚክስ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሕዝብ ቁጥር ከምግብ ፈጥኖ ያድጋል ያለው፣ በ1798። ለድሆች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ የተቃወመ ሰውም ነው። ዳርዊን በ1838 የማልተስን መጽሐፍ ሲያነብ ነው የተፈጥሮ ምርጫ ሐሳብ የበራለት፣ ራሱ እንደጻፈው። “ሰርቫይቫል ኦፍ ዘ ፊተስት” የሚለውን ሐረግ ያመጣው ግን ዳርዊን አይደለም፤ በ1864 ኸርበርት ስፔንሰር ነው። ስፔንሰር ደግሞ ከዚያ በፊት እስከ ዛሬ በሚታተመው ዘ ኢኮኖሚስት ላይ ረዳት አዘጋጅ ነበር። ነገሩን በቅደም ተከተል ስታዩት ያስቃል። ከኢኮኖሚክስ የወጣ ሐሳብ ወደ ባዮሎጂ ሄደ፣ እዚያ “የተፈጥሮ ሕግ” የሚል ማኅተም ተመታበት፣ ከዚያ ወደ ኅብረተሰብ ተመልሶ ድሃን አትርዱ አለ። ራሳችን የላክነውን ደብዳቤ ተፈጥሮ የጻፈችልን መስሎን አነበብነው።

ዳርዊን ፍጹም ንጹሕ ነው አልልም። በ1871 ባወጣው መጽሐፍ ላይ ክትባትና ሕክምና ደካሞችን ማትረፉን እንደ ስጋት ያነሳዋል። ግን እዚያው፣ ርኅራኄያችንን ብንገታ ከተፈጥሯችን የከበረውን ክፍል እናበላሻለን ብሎ ይመልሳል። የመጨረሻ ልጁ ቻርልስ ዋሪንግ ከሌሎቹ ዘግይቶ የሚያድግ ሕፃን ነበር፤ ጁን 28 ቀን 1858፣ በዓመት ተመንፈቁ ሞተ። ከሦስት ቀን በኋላ የተፈጥሮ ምርጫ ጽንሰ ሐሳብ ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በምሁራን ፊት ሲነበብ ዳርዊን አልተገኘም። ሐዘን ላይ ነበር።

ሐረጉን ይዘው የሮጡት ሌሎች ናቸው። በ1883 ፍራንሲስ ጋልተን፣ የዳርዊን የሥጋ ዘመድ፣ “መልካም ዘር” የማብዛቱን ዕቅድ ዩጀኒክስ ብሎ ሰየመው። አሜሪካ ውስጥ ከ60,000 በላይ ሰዎች በሕግ እንዳይወልዱ ተደረጉ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1927 ይሁን ብሏል። ጀርመን በ1933 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ 400,000 ያህል ሰው አመከነች። በዚያ ዘመን የጀርመን የሒሳብ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ፣ የአእምሮና የአካል ጉዳተኞችን ለመንከባከብ የሚወጣው ገንዘብ ስንት መኖሪያ ቤት እንደሚሠራ ተማሪው እንዲያሰላ የሚጠይቅ ጥያቄ ነበር። አንድ ጉዳተኛ በዕድሜው 60,000 ራይሽስማርክ ያስወጣል የሚል ፖስተርም ተለጥፏል። ከጃንዋሪ 1940 እስከ ኦገስት 1941 ድረስ በጋዝ የገደሏቸው 70,273 ናቸው፤ ቁጥሩ የገዳዮቹ የራሳቸው ነው። እነሱ ባለመኖራቸው ስንት ዳቦና ስንት ድንች እንደተቆጠበ በሠንጠረዥ አስልተው አስቀምጠዋል። ስለዚያ ሠንጠረዥ ሳነብ ያስደነገጠኝ ሥራው ለኔ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ወጪ፣ ቁጠባ፣ ድምር። እኛም የተማርነው ይህንኑ መደመር ነው።

ይህን የማነሳው ሙያችን ያንኑ ሚዛን ለበጎም ስለሚጠቀምበት ነው። በ2006 የታተመ የወላይታ ጥናት፣ አንድ የዝሆኔ ታማሚ በዓመት 45 በመቶ የሥራ ቀኑን እንደሚያጣ፣ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ላለው ዞን ኪሳራው በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ አስልቷል። ጠቃሚ ቁጥር ነው፤ በጀት የያዘን ሰው ለማሳመን እኔም እጠቅሰዋለሁ። ነገር ግን ጫማ የሚገባቸው ለዚህ ነው ካልን ችግር ውስጥ ነን። ጫማም ሕክምናም አግኝቶ አንዲት ሳንቲም የማያመርት ሰው አለ። አንገቱን ማቅናት የማይችል ልጅ ያለው ቤት ይህን ያውቃል። ያ ልጅ የትኛውም ሠንጠረዥ ላይ ትርፍ አያሳይም። “ይጠቅማሉና እንርዳቸው” ያለ ሰው እዚያ ቤት በር ላይ ሲደርስ ምን ሊል ነው?

ለቪዲዮው መልስ የሚሰጡ ልጆችም አንዳንዴ በዚሁ ይጠለፋሉ። በሪዮ 2016 ፓራሊምፒክ፣ ማየት የተሳናቸው በሚወዳደሩበት 1,500 ሜትር ታምሩ ደምሴ 3፡48.49 ገብቶ ለኢትዮጵያ ብር አመጣ። ሰዓቱ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ የኦሊምፒኩን ወርቅ ካስገኘው 3፡50.00 ይፈጥናል። (ሐቁን ለመናገር የኦሊምፒኩ ፍጻሜ እየተጠባበቁ የሮጡት ቀርፋፋ ሩጫ ነበር።) ደስ ይላል፣ ሼር አድርጉት። ግን ታምሩ ባይሮጥስ? የመኖር ፈቃድ በሰዓት ማጣሪያ የሚሰጥ ከሆነ አብዛኞቻችን መነሻው ላይ ወድቀናል።

“እሺ ተፈጥሮስ ምን ትላለች?” ካላችሁ፣ ምንም አትልም። ዝናቡ ይዘንባል፣ አፈሩ ይቀላል፣ ትንኟ ትነክሳለች። “እንዲህ ሆነ” ከሚለው ተነስቶ “እንዲህ ይሁን” ወደሚለው የሚያሻግር ድልድይ ዝግመተ ለውጥ ውስጥ የለም። ወባም የተፈጥሮ ናት፤ አጎበር ስንሰቅል ግን “ተፈጥሮን ተቃወምክ” የሚል ኮመንት አይቼ አላውቅም። መነጽር ያደረገ ሰው ስለ ደካማ መጥፋት ሲያስተምር ግን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሕጋችን በዚህ ጉዳይ ከኮመንቱ ይሻላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ሀብት እንዲመድብ ይላል፤ ስንት ያመርታሉ ብሎ አይጠይቅም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 በሥራ ቅጥር መድልዎ እንዳይደረግባቸው ይከለክላል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ጸድቋል። ወረቀት ነው ትላላችሁ፤ ቀጥሎ የምትገቡበት ሕንፃ በር ላይ ደረጃውን ቁጠሩና ንገሩኝ።

ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ ውስጥ እግሩ ማታ ማታ እያበጠ ጠዋት የሚቀንስለት፣ የእግሩ ጀርባ የሚያሳክከውና የሚያቃጥለው ሰው ካለ ዝሆኔ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ገና ሲጀምር ከተያዘ በየቀኑ እግርን በሳሙና በደንብ መታጠብ፣ ቅባት፣ ንጹሕ ካልሲና ዝግ ጫማ እብጠቱን ይቀንሰዋል። ለቆየውም ቢሆን ይረዳዋል። በዘራችሁ አለ ከተባለ ደግሞ ልጆቹ መራመድ ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ ጫማ ያድርጉ፤ እርሻ ሲገቡም ጭምር።